ዳኛውን የሚሾመው ማን ነው?

በድሬዳዋ ከተማ የእግር ኳስ ግጥሚያ ባለቀ ቁጥር፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ በየሻይ ቤቱ የሚነሣው ክርክር ስለ ጎሉ ብቻ አይደለም፤ ስለ ዳኛውም ነው። ብዙ ሰው ይህን ክርክር ከሽንፈት ንዴት የመጣ ወሬ ነው ብሎ ይንቀዋል። እኛ ግን ሊመረመር የሚገባው ቁም ነገር አለበት ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ፊሽካውን የሚነፋውን ሰው ሳይሆን፣ እርሱን የሚመድበውን ሥርዓት ነው። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

በ1968 ዓ.ም. አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲደረግ የናይጄሪያ፣ የሞሮኮ፣ የሱዳንና የዛየር ምድብ ለድሬዳዋ ደርሶ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን የወሰደችው ዛየር አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ተመለሰች። በአዲስ አበባው ምድብ ደግሞ ኢትዮጵያ ከጊኒና ከግብፅ በታች ሦስተኛ ሆና ከውድድሩ ወጣች። በዚያን ጊዜ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አስተናጋጇም የበላይ ሹሙም ከአንድ አገር ሆነው ሳለ የአገሩ ቡድን መውደቁ ብቻውን ስለ ዳኝነቱ ንጽሕና አያስመሰክርም። ሆኖም ሥልጣንና ውጤት የግድ አብረው እንደማይሄዱ ያሳያል። አገሮች ሲጋጠሙ ዳኛው ከሦስተኛ አገር እንዲሆን መለመዱም የዚሁ ጥንቃቄ አንዱ ክፍል ነው።

ይህ ጥንቃቄ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማየት ከእኛ አገር አየር በጣም የራቀ አንድ ጨዋታ እንጥቀስ፤ ይኸውም በበረዶ ላይ በጫማ እየተንሸራተቱ የሚወዳደሩበት ነው። በዚህ ጨዋታ ጎል የለም፤ አሸናፊውን የሚለየው የዳኞች ነጥብ ብቻ ነው። ዳኞቹም ከየአገሩ ፌዴሬሽን የሚላኩ ናቸው። በ1994 ዓ.ም. በሶልት ሌክ ሲቲ የክረምት ኦሊምፒክ የሩሲያ ጥንዶች የካናዳን ጥንዶች በአምስት ዳኞች ለአራት አሸነፉ። ወዲያው ፈረንሳዊቱ ዳኛ ከአገሬ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ግፊት ደርሶብኛል ማለቷ ተሰማ፤ በኋላ ግን ቃሏን ለወጠች። ለካናዳውያኑም ሁለተኛ ወርቅ ተሰጠ፤ ዳኛይቱና ፕሬዚዳንቱ ለሦስት ዓመት ታገዱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው መድኃኒት ያስደንቃል። የነጥቡ አሰጣጥ ተለወጠ፤ ግን የትኛው ዳኛ የትኛውን ነጥብ እንደ ሰጠ ከሕዝብ ተሰወረ። ዳኛው ካልታወቀ ግፊት አይደርስበትም ተብሎ ነው። ነገር ግን የተሰወረ ዳኛ ከግፊት ቢድንም ከተጠያቂነትም ይድናል። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. ይህ አሠራር እንዲቀር ተወሰነ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የእግር ኳስ ፌዴሬሽናችን መሪዎች የሚመረጡት በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ነው፤ ድምፅ ከሚሰጡትም መካከል ክለቦች አሉበት። የዳኞች ጉዳይም በዚያው ፌዴሬሽን ሥር ነው። እንግዲህ በሜዳ የሚዳኘው ክለብ በጉባኤ መራጭ ይሆናል ማለት ነው። አድልዎ ባይኖር እንኳ ጥርጣሬ መኖሩ የማይቀር ነው። የፌዴሬሽን ጠብ የሚያመጣውን ጉዳትም ቀምሰነዋል፤ በአመራሩ ላይ በተነሣው ውዝግብ ምክንያት ፊፋ በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑን አግዶ፣ ብሔራዊ ቡድናችን ደቡብ አፍሪካ ላዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ ከሚደረገው ማጣሪያ ተሰርዞ ነበር።

አባቶቻችን ሲጣሉ በሽማግሌ የሚታረቁበት ሥርዓት እዚህ ላይ ያስተምረናል። ከሳሽም ተከሳሽም በየፊናው ሽማግሌ ይመርጣል፤ ሽማግሌዎቹም ፍርዳቸውን ከነምክንያቱ በሁለቱ ፊት ይናገራሉ። ያለ ፍርድ ከምትሄድ ጭብጦዬ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ ትሻለኛለች የተባለውም፣ ሰው ከመሸነፉ ይልቅ ያለ አግባብ መሸነፉ እንደሚመረው ሲያስረዳ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዳኛ የሚመደበው በታወቀ ደንብ ወይም በዕጣ ይሁን፤ መዳቢዎቹም በክለቦች ድምፅ የማይሾሙና የማይሻሩ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ከጨዋታው በኋላ ስለ ዳኛው የሚጻፈው ግምገማ ለሕዝብ ይገለጥ። ሦስተኛ፣ አቤቱታ የሚሰማው ዳኛውን የመደበው አካል አይሁን።

ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪኛ ተናጋሪው ጎን ለጎን ተቀምጦ ኳስ በሚያይበት እንደ ድሬዳዋ ባለ ከተማ፣ ተመልካች በዳኝነቱ እምነት ካጣ የዳኛውን ሥራ መመልከት ትቶ ትውልዱን መጠየቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ጠብ በዘጠና ደቂቃ አያልቅም።