የሰዋስው ምስክርነት፤ ስለ ሁለት የናይጄሪያ ሴቶች ሊቃውንት መጻሕፍት

አንድ ሕዝብ ሴትንና ወንድን በምን ዓይን እንደሚለይ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ማንን ምስክር አድርጎ ሊጠራ ይገባዋል? የሕዝቡን ቋንቋ ነውን? ወይስ ርስቱን፥ ሥራውንና ሸንጎውን? ስለ ጾታና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ አፍሪካውያን ሴቶች ሊቃውንት ካለፈው ምዕት ዓመት ማለቂያ ጀምሮ የሚያካሂዱት ክርክር በብዙ አቅጣጫ ቢዘረጋም፥ ከሥሩ የሚገኘው ይህ የምስክርነት ጥያቄ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ስለዚህ ክርክሩን ሁሉ ለመዘርዘር ሳይሆን፥ ሁለት የታወቁ መጻሕፍትን ጐን ለጐን አኑረን ማስረጃቸውን ለመመዘን እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ዶክተር ኢፊ አማዲዩሜ በ1987 በለንደን ያሳተሙት «ወንድ የሆኑ ሴቶች ልጆች፥ ሴት የሆኑ ባሎች» የተባለው መጽሐፍ ሲሆን፥ የሚናገረው በምሥራቅ ናይጄሪያ በኢግቦ አገር ስለምትገኘው ስለ ንኖቢ ከተማ ነው። ሁለተኛው ዶክተር ኦየሮንኬ ኦየውሚ በ1997 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያወጡት «የሴቶች መፈልሰፍ» ነው፤ እርሱም የምዕራብ ናይጄሪያን የኦዮ ዮሩባ ሕዝብ ይመለከታል። ሁለቱም ደራስያን ከሚጽፉለት ሕዝብ የተወለዱ ናቸው፤ የተነሡበትም ምክንያት አንድ ነው። ይኸውም አውሮፓዊው ተመራማሪ የራሱን አገር ሴት በልቡ ይዞ መጥቶ፥ በአፍሪካ ምድር ያንኑ ይዞት የመጣውን ማግኘቱን ሁለቱም አጥብቀው ይነቅፋሉ። በዚህ ነቀፋ እኛም እንስማማለን። ነገር ግን ነቀፋው ትክክል መሆኑ በእርሱ ፋንታ የቀረበውን ማስረጃ ሳይመረመር እንድንቀበለው አያስገድደንም።

ዶክተር አማዲዩሜ ነገራቸውን የሚጀምሩት ከመሬትና ከግቢ ነው። በንኖቢ ወንድ ልጅ ያልወለደ አባት ግቢው እንዳይዘጋ ከሴቶች ልጆቹ አንዲቱን የወንድ ልጅ ማዕርግ ሰጥቶ ወራሽ ሊያደርጋት ይችል ነበር። «ወንድ የሆነች ሴት ልጅ» የተባለችው ይህች ናት። እንዲሁም ሀብት ያፈራች ሴት ማጫ ከፍላ ሌላ ሴት ልታገባ፥ የሚስቲቱን ጕልበት ልታዝዝ፥ በስሟ የሚወለዱትንም ልጆች የራሷ ልታደርግ ትችል ነበር። ኤክዌ የተባለው ማዕርግ ለሴቶች የሚሰጥና ኢዴሚሊ ከተባለችው ሴት አምላክ አምልኮ ጋር የተያያዘ ሲሆን፥ የሴቶቹም ሸንጎ የራሱ ሥልጣን ነበረው። ከዚህ የተነሣ ደራሲዋ ወንድ ሆኖ መወለድና ባል መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ይላሉ። ባልነት እንደ ወንበር ነው፤ በወንበሩ የሚቀመጠው ግን ሁልጊዜ ወንድ እንዲሆን ግድ አልነበረም።

የእንግሊዝ አገዛዝና የሚሲዮን ትምህርት በመጡ ጊዜ ይህ ወንበር እንዴት እንደ ተወሰደ መጽሐፉ በሚገባ ያሳያል። የኢዴሚሊ አምልኮ ተወገዘ፤ ትምህርት ቤቱ ሴት ልጅን ለቤት እመቤትነት ብቻ አዘጋጀ፤ አስተዳደሩም ወንዶችን አለቆች አድርጎ ሾመ። በ1929 መጨረሻ በኦዌሪና በካላባር አውራጃዎች ብዙ ሺህ ሴቶች ግብር ሊጣልብን ነው ብለው በተነሡ ጊዜ ከ50 የሚበልጡት በጥይት ተገደሉ። ይህን ነገር እንግሊዞቹ «የአባ ረብሻ» አሉት፤ የአገሩ ሰዎች ግን «የሴቶች ጦርነት» ይሉታል። ሴቶቹ የተቈጡት ስለ ግብር ብቻ ሳይሆን፥ ቀድሞ የሚሰማ ድምፃቸው የሚገባበት ሸንጎ ስለ ጠፋ ጭምር መሆኑን ለሚያስተውል፥ የስሙ ልዩነት ራሱ ታላቅ ማስረጃ ነው።

ዶክተር ኦየውሚ ከዚህ አልፈው ይሄዳሉ። እንደ እርሳቸው አነጋገር፥ ቅኝ ገዢዎች ከመምጣታቸው በፊት በኦዮ ዮሩባ ዘንድ «ሴቶች» የሚባል ማኅበራዊ ክፍል ከቶ አልነበረም። ኦቢንሪንና ኦኩንሪን የሚባሉት ቃላት የሰውነት ልዩነትን ያመለክታሉ እንጂ ማዕርግን አይወስኑም። ማዕርግን የሚወስነው ታላቅነትና ታናሽነት ነው። ለዚህም ዋነኛ ምሰሷቸው ቋንቋው ነው፤ የዮሩባ ተውላጠ ስም ወንድና ሴትን አይለይም፥ ታላቅን ግን ከታናሽ ለይቶ ያከብራል። ኤግቦን ማለት ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ሲሆን፥ አቡሮ ደግሞ ታናሹ ወይም ታናሺቱ ነው። ኦኮ የሚባለው በቤተ ዘመዱ የተወለደ ሁሉ ነው፥ ሴትም ቢሆን፤ ኢያዎ ደግሞ በጋብቻ ከውጭ የገባው ነው። ስለዚህ አንዱን «ባል»፥ ሌላውን «ሚስት» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው ይላሉ። ሳሙኤል ጆንሰን የጻፉትና በ1921 የታተመው የዮሩባ ታሪክም፥ ጾታቸው በቃል ትውፊት ያልተለየውን ነገሥታት ሁሉ ወንዶች እንዳደረጋቸው ይከራከራሉ።

ትርጕም ጾታን ሊፈጥር መቻሉን የአማርኛ ተናጋሪ ለመቀበል አይቸገርም። ከተማሪዎቼ ጋር ይህን ምዕራፍ ስናነብ፥ ኤግቦኑ አቡሮውን እንደ ጠራ የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ጠየቅኋቸው። ብዕራቸውን አንሥተው ወዲያው «ወንድም ነው እኅት?» አሉኝ። ዮሩባው አልተናገረም ብላቸው፥ እንግዲያው «ጠራው» ወይም «ጠራችው» ሳንል ምን ብለን እንጻፍ ብለው ተጨነቁ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ሁሉም ማለት ይቻላል «ወንድሙን ጠራው» ብለው ጻፉ። ሰዋስዋችን ምረጡ ባላቸው ጊዜ የመረጡት ወንዱን ነው። በጆንሰን መጽሐፍ ደረሰ የሚባለው ነገር በክፍላችን በዓይናችን ፊት ደረሰ።

ነገር ግን ይኸው አማርኛ የደራሲዋን ዋና መደምደሚያ የሚያፈርስ ምስክር ደግሞ አለው። አማርኛ «አንተ»ንና «አንቺ»ን፥ «እሱ»ንና «እሷ»ን ይለያል፤ «እርስዎ» እና «እሳቸው» ባለ ጊዜ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። «አባቴ መጡ፥ እናቴ መጡ» እንላለን፤ ግሡ አንድ ነው። በዚህ ጽሑፍም ስለ ሁለቱ ደራስያን ስናገር ግሦቼ ሴቶች መሆናቸውን አይናገሩም። እንግዲህ በዶክተር ኦየውሚ ሚዛን ብንሄድ፥ በአማራ አገር ታላላቆች መካከል ወንድና ሴት የሚባል ልዩነት የለም ማለት ይገባናል። ይህ እውነት አለመሆኑን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። የተከበሩት እናት «ይቀመጡ» ይባላሉ፤ በሽምግልና ሸንጎ ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጠው ሲፈርዱ ግን የሚታዩት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የአክብሮት ቃል ማን እንደሚከበር ይነግረናል፤ ክብሩ ለምን ሥራና ለምን ሥልጣን እንደሚያበቃ ግን አይነግረንም። ናይጄሪያዊቱ ሊቅ ዶክተር ቢቢ ባካሬ ዩሱፍም በመጽሐፉ ላይ በጻፉት ሒስ በቋንቋ ያልተሰየመ ልዩነት በኑሮ ሊኖር እንደሚችል አሳስበዋል፤ የአማርኛ ምሳሌ የእርሳቸውን አሳብ ያጸናል።

ሁለተኛም፥ የታላቅነት ሕግ ራሱ ከጾታ ነጻ መስሎ የሚታየው ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር ካልጠየቅን ነው። በዮሩባ ግቢ ውስጥ ታላቅነት የሚቈጠረው ወደ ቤቱ በተገባበት ጊዜ ነው፤ በግቢው የተወለደው ሕፃን እንኳ ከእርሱ በኋላ በጋብቻ ለመጣችው ሙሽራ ታላቋ ነው። ሕጉ «ሴት ታናሽ ትሁን» አይልም፤ «በኋላ የገባ ታናሽ ይሁን» ይላል። ነገር ግን በጋብቻ ምክንያት ከአባቱ ግቢ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባው ማን ነው? በአብዛኛው ሴቲቱ ናት። ስለዚህ ጾታ በሕጉ ቃል ውስጥ ባይጻፍም፥ በሕጉ አፈጻጸም ውስጥ ተቀምጧል። ሴት ልጅ በተወለደችበት ቤት ኦኮ፥ በገባችበት ቤት ኢያዎ መሆኗን ማሳየታቸው የደራሲዋ ታላቅ ውለታ ነው፤ ወንዱ ግን በአብዛኛው ኦኮ ሆኖ ተወልዶ ኦኮ ሆኖ መሞቱን በበቂ አልመዘኑትም።

ዶክተር አማዲዩሜም የኢግቦ ቋንቋ ወንድና ሴትን በተውላጠ ስም እንደማይለይ ይጠቅሳሉ፤ ሕንጻቸውን ያቆሙት ግን በቋንቋው ላይ ብቻ አይደለም። ማን ግቢ ወረሰ፥ ማን ማጫ ከፈለ፥ ማን በማን ጕልበት ከበረ ብለው ስለሚጠይቁ፥ ክርክራቸው በቀላሉ አይናድም። ሆኖም በመጽሐፋቸው ሴቲቱ ባል ከሚስቲቱ ይልቅ ጐልታ ትታያለች። ሚስቲቱ ለወንድ ብታድር ወይም ለሴት ብታድር ሸክሟ ይቀልላትን? ይህ ጥያቄ ሙሉ መልስ አላገኘም። ደግሞም በአገራችን ደፋር ሴት ስትመሰገን «እሷ እኮ ወንድ ናት» ይባላል። ምስጋናው ሴቲቱን ከፍ ያደርጋታል፤ ከፍታውን ግን የወንድ አድርጎ ይተወዋል። «ወንድ የሆነች ሴት ልጅ» የሚለው ማዕርግም እንዲሁ ሁለት ፊት ያለው ሳይሆን አይቀርም።

የዚህ ወሰን የት ላይ እንደሚቆም ዶክተር ንዋንዶ አቼቤ በ2011 ስለ አሄቢ ኡግባቤ ያሳተሙት መጽሐፍ ያስተምረናል። በሰሜን ኢግቦ በኤኑጉ ኤዚኬ የተወለደችው አሄቢ በእንግሊዞች ዘመን በአለቃነት ተሾመች፤ ቀጥላም ንጉሥ ሆነች፤ ሚስቶችም አገባች። በመጨረሻ ግን የወንዶች ብቻ የሆነውን የመናፍስት ጭምብል አሠርታ ባወጣች ጊዜ ሽማግሎቹ ነጠቋት፤ የእንግሊዝ ሹማምንትም አልረዷትም። ንግሥናው ተፈቅዶላት ጭምብሉ ተከለከለ። ጾታ እንደ ልብ የሚለዋወጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ክልከላ ባልኖረ ነበር፤ ፈጽሞ የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ንግሥናው ባልተገኘ ነበር።

ስለ ሩካቤም ጥቂት መናገር ይገባል። ዶክተር አማዲዩሜ በመቅድማቸው፥ አንዳንድ ምዕራባውያን ጸሐፊዎች የሴት ለሴት ጋብቻን እንደ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር አድርገው መተርጐማቸውን ይቃወማሉ፤ ይህ ትርጓሜ የንኖቢን ሴቶች የሚያስቀይም ነው ይላሉ። የኬንያን ናንዲ ያጠኑት ረጂን ስሚዝ ኦቦለርም በ1980 ባወጡት ጽሑፍ የዚህ ጋብቻ ዓላማ የንብረት ውርስ መሆኑን አሳይተዋል። ጋብቻው ለፍቅር ምስክር አይሆንም በሚለው እንስማማለን። ነገር ግን ያው ጋብቻ ለፍቅር አለመኖርም ምስክር ሊሆን አይችልም። ውርስን የሚያስረዳ ሥርዓት ስለ ውርስ ብቻ ይመሰክራል፤ የልብን ነገር የጠየቀ ሌላ ምስክር ይፈልግ። በ2011 ኡጋንዳዊቱ የሕግ ሊቅ ዶክተር ሲልቪያ ታማሌ ያዘጋጁት ስለ አፍሪካ የሩካቤ ልማዶች የሚናገር ስብስብ አርእስቱን በነጠላ ሳይሆን በብዙ ቍጥር ማውጣቱ ለዚህ ጥንቃቄ ጥሩ አብነት ነው።

ይህን ሁሉ ለራሳችን ጥናት ስንመልሰው፥ የርስትን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በአማራ የርስት አገር ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ በአባቷም በእናቷም በኩል ርስት ልትጠይቅ ትችል እንደ ነበር የታወቀ ነው። ሞፈርና ቀንበሩ ግን የወንድ ስለ ሆነ፥ ባል ወይም ልጅ የሌላት ባለርስት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቱ ታካፍል ነበር። የርስቱን ሕግ ብቻ የመዘገበ ተመራማሪ እኩልነትን፥ ማረሻውን ብቻ ያየ ደግሞ ጭቈናን ይጽፋል፤ ሁለቱም ግማሹን ጽፈዋል።

ስለዚህ ሁለቱን መጻሕፍት ተማሪዎች በአንድነት እንዲያነቧቸው እንመክራለን፤ የዶክተር ኦየውሚን ለጥያቄያቸው፥ የዶክተር አማዲዩሜን ለአመላለሳቸው። ወደ ገጠር ወርዶ የሚመረምር ተማሪም ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚጠራሩ በመጀመሪያው ገጽ ቢጽፍ መልካም ነው። ደብተሩን ከመዝጋቱ በፊት ግን ውኃውን ማን እንደ ቀዳ፥ ማን እንዳረሰ፥ በሸንጎም ማን ተነሥቶ እንደ ተናገረ በሚቀጥለው ገጽ ይጻፍ።