«ጨው ይቀንሱ» ማለት ብቻውን በቂ ነውን?

ከፍተኛ የደም ግፊት የተገኘበት ሰው ከምርመራ ክፍል የሚወጣው «ጨው ይቀንሱ፣ አትክልት ያዘውትሩ፣ በእግር ይንቀሳቀሱ» የሚል ምክር ይዞ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ያሳስባል። ይሁን እንጂ ታካሚው በቀጠሮው ቀን ተመልሶ ግፊቱ ሳይወርድ ሲገኝ «ምክር አይሰማም» ተብሎ ይወቀሳል። ምክሩ የተመሠረተባቸው ጥናቶች በጥሞና ሲታዩ ግን ይህን ወቀሳ አይደግፉም።

እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2001 በአሜሪካ የታተሙት፣ «ዳሽ» በሚል ስም የሚታወቁት የአመጋገብ ጥናቶች የዚህ ምክር ዋነኛ መሠረት ናቸው። በሁለተኛው ጥናት 412 አዋቂዎች ተሳትፈዋል። ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ተሳታፊዎች አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበትን፣ ጨው የተቀነሰበትን ምግብ ሲመገቡ፣ ጨው ከበዛበት የተለመደ ምግብ ጋር ሲነጻጸር የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ11.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ብሏል። ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም። ነገር ግን ምግቡን አዘጋጅቶ ያቀረበላቸው ጥናቱ ራሱ ነበር። ስለሆነም የተፈተነው ምግቡ እንጂ ምክሩ አይደለም።

ምክሩ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው «ፕሪሚየር» የተሰኘ ጥናት ነው። ከ810ዎቹ ተሳታፊዎች አንዱ ቡድን የ30 ደቂቃ ምክር ለአንድ ጊዜ ብቻ ሲሰጠው፣ ሌሎቹ በ6 ወራት ውስጥ በ18 ስብሰባዎች ተከታታይ ድጋፍ አግኝተዋል። የዳሽ አመጋገብን ጨምሮ የተደገፈው ቡድን የላይኛው ግፊት ከመጀመሪያው ቡድን ይበልጥ የወረደው በ4.3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። የሁለቱ ጥናቶች ተሳታፊዎች ስለሚለያዩ አኃዞቹን በቀጥታ ማነጻጸር አይገባም። ቢሆንም ይህን ያህል ድጋፍ ይህን ያህል ውጤት ካስገኘ፣ ወረፋ በበዛበት ክፍል በሁለት ደቂቃ ከሚነገር ቃል ብዙ መጠበቅ አይቻልም።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው፣ በቻይና በ600 የገጠር መንደሮች የተካሄደው ጥናት የተለየ መንገድ ተከትሏል። በግማሾቹ መንደሮች ለቤተሰቡ ማእድ ቤት ሩብ ያህሉ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው በነጻ ተሰጠ። በእነዚህ መንደሮች የስትሮክ መጠን በ14 በመቶ ዝቅ ብሏል። ይህ ዓይነቱ ጨው ግን የኩላሊት ሕመም ላለባቸውና ፖታሲየም በደም ውስጥ እንዲከማች የሚያደርጉ መድኃኒቶችን ለሚወስዱ ሰዎች አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር መጀመር የለበትም።

ይህ ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ማእድ ቤት ሲመለስ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በብዙ ቤት ወጡ የሚሠራው በአንድ ድስት፣ የሚበላውም በአንድ መሶብ ነው። ጨው ወደ ድስቱ የሚገባው በማንኪያ ብቻ ሳይሆን ከበርበሬውና ከሽሮ ዱቄቱ ጋር ተቀላቅሎም ጭምር ነው፤ አዋዜና ዳቦም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ወጥ የማይሠራ አባወራ «ጨው ይቀንሱ» ሲባል ትእዛዙ የደረሰው ሥልጣኑ በሌለው ሰው እጅ ነው። ጾም በመሆኑ ብቻ ምግቡ ለልብ ተስማሚ ነው ማለትም አይቻልም፤ ዘይቱና ጨው የበዛበት የጾም ወጥ ለዚህ ምስክር ነው።

ስለሆነም የጤና ባለሙያው ከመምከሩ በፊት ሊጠይቅ ይገባል፦ ወጡን የሚሠራው ማን ነው? በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል? አንድ ኪሎ ጨው በቤቱ ስንት ቀን፣ ለስንት ሰው ይበቃል? ምግብ የምታበስለው የቤተሰብ አባል በቀጠሮው ቀን አብራ እንድትመጣ መጋበዝ ወጪ የለውም። ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ድስቱ አጠገብ መድረስ ይችላሉ። የታዘዘ መድኃኒት ሳይቋረጥ ይህ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ግፊቱ ባይወርድ፣ መፈተሽ ያለበት ሕክምናው እንጂ የታካሚው ጠባይ አይሆንም።