«አጥፍቼው ነበር እኮ»

ነቀምቴ ውስጥ ኮምፒዩተር የሚጠግን ሰው ክረምት ከገባ በኋላ ደጋግሞ የሚሰማት አንዲት አቤቱታ አለች። ደንበኛው ሣጥኑን ከዝናቡ በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣና ጠረጴዛው ላይ ያሳርፈዋል። ገና ሳይጠየቅም «አጥፍቼው ነበር እኮ!» ይላል። ማታ በወጉ ተዘግቶ ያደረ ማሽን ጠዋት አልነሳም ብሏል። ሌሊት መብራት ሄዶ መጥቷል፤ እሱስ የታወቀ ነው። ግን የጠፋ ነገር እንዴት ይቃጠላል?

የዋህ ጥያቄ ይመስላል። የሙያው ግማሽ ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው።

በአማርኛም በኦሮምኛም መብራት «ይጠፋል»፣ መብራት «ይመጣል»። ኮምፒዩተርም «ጠፋ» ይባላል፤ ድሮ እውነትም ይጠፋ ነበር። የዚያ ዘመን ማሽኖች ማብሪያ የ220 ቮልቱን መስመር ራሱን የሚቆርጥ ወፍራም ቁልፍ ነበር፤ ቀጭ ሲል አለቀ። ዊንዶውስ 95ን የሚያስታውሱ ሰዎች «አሁን ኮምፒዩተርዎን ማጥፋት ይችላሉ» የሚል መልእክት ጥቁር ስክሪን ላይ እስኪወጣ ጠብቀው ቁልፉን በጣታቸው ይዘጉ እንደነበር አይረሱም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን አሠራር ካወጣ ወዲህ ግን ፊት ለፊት ያለችው ቁልፍ መብራት አትቆርጥም። ማዘርቦርዱን «ልነሳ?» ወይም «ልተኛ?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ።

ይህን ጥያቄ የሚሰማ አንድ ንቁ ክፍል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሶኬቱ እስካልተነቀለ ወይም ከኋላ ያለው ማብሪያ እስካልተዘጋ ድረስ፣ ፓወር ሳፕላዩ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ሰርኪዩት በወይን ጠጅ ሽቦ 5 ቮልት ወደ ማዘርቦርዱ ስትልክ ታድራለች። የግቢው ዘበኛ እሷ ናት። ፋኑ፣ ዲስኩ፣ ፕሮሰሰሩ ሲያንቀላፉ እሷ አትተኛም፤ ስለዚህም ካፓሲተሮቿ ቀድመው ይደርቃሉ። ሌሊት መብራት በኃይል ሲመለስም በሩ ላይ የሚያገኘው እሷን ነው።

የኃይሉ ነገር በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ያስፈራል። ከምሰሶው ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልት በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል ያለው ነው፤ በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ግን 380 ነው። ነፋስ ወይም የወደቀ ቅርንጫፍ ኒውትራሉን ከበጠሰው ቤቶቹ 380ውን እንደየጭነታቸው ይከፋፈሉታል፤ አንዱ ቤት አምፖሉ ሲደበዝዝ የጎረቤቱ ይንቦገቦጋል። ፓወር ሳፕላይ የገባውን ኃይል ወደ ዲሲ ሲቀይር ጫፉ በ1.41 ይባዛል፤ 220 የነበረው 311 ይሆናል። 300 ቮልት ከገባ ግን 420ን ያልፋል፤ እዚያ የተቀመጡት ካፓሲተሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሸከሙት 400 ብቻ ነው። ጠዋት ሣጥኑ ሲከፈት የሚሸተው የዚህ ስሌት ውጤት ነው። የፊንጫ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከዚሁ ከወለጋ ምድር መብራት ያመነጫል፤ ማመንጨቱ ሌላ፣ የመጨረሻዋ ምሰሶ ላይ ያለችው ሽቦ ሌላ።

ጠጋኙ ታዲያ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ማታ ሶኬቱን ነቅለውት ነበር?» «መብራቱ ሲመጣ አምፖሉ ደምቆ ነበር?» «ሲነኩት ይነዝርዎታል?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙዎችን ታስደነግጣለች፤ እውነትም ይነዝራል። ፓወር ሳፕላዩ መግቢያ ላይ ረብሻ የሚያጣሩ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች ከሣጥኑ ብረት ጋር ተያይዘዋል። ቤቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው ብረቱ ላይ የ220ው ግማሽ፣ 110 ያህል ቮልት ይንሳፈፋል። የሚፈሰው ከረንት ኢምንት ስለሆነ ከመቆንጠጥ አያልፍም። ደንበኛው ግን ማሽኑን ሲከስ ኖሯል፤ ጥፋቱ የግድግዳው ነው።

ቀጥሎ ቀላል ቀላሉ ይታያል። ሌላ ሶኬት፣ ሌላ ገመድ፣ ዲቫይደሩን ዘሎ በቀጥታ ከግድግዳው። እፍረት የለም፤ የላላ ዲቫይደርን መዝለል ስንቱን «የሞተ» ኮምፒዩተር አስነስቷል። አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሳፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መምረጫ አለው፤ ልጅ ነክቶት 115 ላይ ከዋለ ሲሰካ የሚሰማው ፍንዳታ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ የአግራፏ ፈተና ትመጣለች። ትልቁ ባለ 24 ቀዳዳ ሶኬት ከማዘርቦርዱ ይነቀልና አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት አግራፍ ይገናኛል። ቁልፏ ስትጫን ማዘርቦርዱ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ፋኑ ከዞረ ፓወር ሳፕላዩ ቢያንስ ነፍስ አለው። ጀማሪ እዚህ ላይ ይደሰታል። የቆየበት ሰው ግን ቴስተሩን ያነሳል፤ ባዶውን የሚዞር ፋን ጭነት ሲመጣ ይዋሻልና። ማሽኑ እየሠራ ቢጫው ሽቦ ከ11.4 በታች ከወረደ ወይም ከ12.6 ካለፈ ከልኩ ወጥቷል። ግራጫው ሽቦ ደግሞ ኃይሉ ሲረጋጋ «ደህና ነው» ብሎ ለማዘርቦርዱ ይመሰክራል፤ ምስክሩ ካልመጣ ማሽኑ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። በአንዳንድ የቢሮ ማሽኖች የሽቦ ቀለሙም ሶኬቱም ይለያል፤ አግራፏን በዘፈቀደ መስካት ያከስራል። የፓወር ሳፕላዩ ሆድ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይይዛሉ፤ ብዙ ጠጋኝ በእጁ ላይ ተምሮታል።

ያበጠ ካፓሲተር በዓይን ይለያል፤ አናቱ ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ እንደ ድፎ ዳቦ ይነፋል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተበላሸ ፈሳሽ የተሞሉ ካፓሲተሮች ዓለምን አዳርሰው ነበር። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ270ን በመሳሰሉ የቢሮ ማሽኖቹ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2005 የ300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። መለዋወጫው 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካለችው አዲስ አበባ እስኪመጣ የማይጠብቅ ጠጋኝ ከሞተ ማዘርቦርድ ላይ ጤነኛውን ነቅሎ ይተክላል። መደርደሪያው ሥር የተከመረው ቁርጥራጭ ለእንግዳ ቆሻሻ ነው፤ ለእሱ መጋዘን።

ጠረጴዛው ላይ በስተቀኝ የተቀመጠችው ማሽን ግን ሌላ በሽታ አለባት፤ ትነሳና ከሩብ ሰዓት በኋላ ድርግም ትላለች። ይህ የሙቀት ሥራ ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙም አብሮ ይቀንሳል። ደጋው ብርዱን አክሎ ያካክሰዋል። ይሁንና በበጋ ቀዩ አቧራ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ እንደ ምንጣፍ ከሸፈነው፣ ሙቀት አስተላላፊው ፔስትም ከደረቀ፣ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ማሽኑን ያጠፋል። እንደ ኡኬ ካሉ የጉቶ ጊዳ ወረዳ ቆላማ መንደሮች የሚመጣ ማሽን ደግሞ የደጋው ካሳ የለውም። መድኃኒቱ ብሩሽ፣ ነፋሽ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት።

አልጠፋም የሚለውም ሞልቷል። ዊንዶውስ 8 ከመጣ ወዲህ «ዝጋ» ሲባል ማሽኑን የሚያስተኛ እንጂ ሙሉ በሙሉ የማይዘጋ ስልት አለ፤ በፍጥነት ለመነሳት የሥርዓቱን እንብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል። ሲነሳ የትናንቱን ችግር ይዞት ይነሳል። «ሪስታርት» ግን እውነተኛ መዝጋት ነው፤ ምርመራው ከዚያ ይጀምራል። ቁልፏን አራት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መግደል የመጨረሻ አማራጭ መሆን ሲገባው ለብዙ ሰው የዕለት ልማድ ሆኗል።

በሌሊት ብቻውን የሚነሳም አለ። መብራት ሲመለስ የቢሮው ስክሪን በጨለማ ቦግ ሲል ያየ የጥበቃ ሠራተኛ ጠበል ቢያስብ አይፈረድበትም። ባዮስ ውስጥ «ኃይል ሲመለስ ተነሳ» የምትል አንዲት መስመር አለች፤ እሷን መቀየር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አመሻሽ ላይ ጠጋኙ ሱቁን ሲዘጋ ዲቫይደሮቹን አንድ በአንድ ይነቅላል፤ ለደንበኛ የሚመክረውን ራሱም ያደርጋል። ዛሬ አንዲት ማሽን ሳትነቀል ቀርታለች። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የተወባት ናት፤ ስክሪኗ «ኮምፒዩተርዎን አያጥፉ» ይላል፣ ዝመናው 43 በመቶ ላይ ቆሟል። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ያጉረመርማል። ጠጋኙ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል፣ ዓይኑን አንዴ ወደ ስክሪኑ፣ አንዴ ወደ አምፖሉ እያደረገ።