የመቅደላ ዘመቻ ደመወዝ፦ የብሪታንያና የሕንድ የጦር ወጪ ክፍፍል

ብሪታንያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለቅኝ ግዛቶቿ መከላከያ የሚወጣውን ገንዘብ የምታከፋፍልበት አሠራር ወጥ አልነበረም። የታችኛው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ቅኝ ግዛቶች የውስጥ ጸጥታቸውን በዋናነት በራሳቸው እንዲያስከብሩ፣ ለውጭ መከላከያቸውም እንዲያግዙ ጠየቀ። እነዚህ ግዛቶች የየራሳቸው ምክር ቤት ስለነበራቸው የሚከፍሉት ተደራድረው ነበር፤ በ1887 የተደረሰው የባሕር ኃይል ስምምነት ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ግዛቶች የጠየቀው በዓመት 126,000 ፓውንድ ብቻ ነበር። ሕንድ ግን የሚደራደርላት አልነበራትም፤ በምድሯ የሰፈረውን የእንግሊዝ ጦር ጭምር የምትቀልበው ከራሷ ግብር ነበር።

የ1858 የሕንድ አስተዳደር ሕግ ወረራን ለመመከት ወይም ለድንገተኛ ችግር ካልሆነ በቀር የሕንድ ገቢ ከድንበሯ ውጭ ለሚደረግ ዘመቻ ያለ ሁለቱ ምክር ቤቶች ፈቃድ እንዳይውል ይከለክል ነበር። ፈቃጆቹ ግን የለንደን ምክር ቤቶች ነበሩ፤ ግብር ከፋዩ ሕንዳዊ ገበሬ በአንዳቸውም ወኪል አልነበረውም። የዚህ ጥበቃ ከንቱነት በ1867 ታየ። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራው ጦር ከቦምቤይ በቀይ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ዙላ ሲንቀሳቀስ፣ የወታደሮቹን መደበኛ ደመወዝ ሕንድ፣ ከዘመቻው የሚመጣውን ተጨማሪ ወጪ ብሪታንያ እንድትሸፍን ተወሰነ።

የመንግሥቱ መከራከሪያ ወታደሮቹ አገራቸው ቢቀመጡም ደመወዛቸው መከፈሉ አይቀርም፣ ስለዚህ ሕንድ የምታጣው የለም የሚል ነበር። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲታይ ያሳምናል፤ ሲመረመር ግን ይፈርሳል። ወታደሮቹ ለሕንድ ጥበቃ አስፈላጊ ከነበሩ፣ እነርሱ በሌሉበት ወራት ሕዝቡ የከፈለው ላላገኘው ጥበቃ ነው። አስፈላጊ ካልነበሩም ሕንድ ከሚያስፈልጋት በላይ ጦር ስትቀልብ ኖራለች። ቀደም ሲል የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ክራንበርን፣ ሕንድ ወታደር ያለ ክፍያ የሚወሰድባት የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ተደርጋ መታየቷን ጉዳዩ በታችኛው ምክር ቤት ሲመከርበት ተቃውሟል። እርግጥ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ከተጠጋው ጠቅላላ ወጪ ትልቁን ድርሻ የተሸከመችው ብሪታንያ ናት። በደሉ ግን በገንዘቡ መጠን አይለካም፤ የሕንድ ሕዝብ ከቴዎድሮስ ጋር ጠብ አልነበረውም፣ ከንጉሡ ምሽግ ከመቅደላ መውደቅም ያገኘው ጥቅም የለም።

ሕንዳውያን ወታደሮች በ1882 ወደ ግብፅ፣ በ1885 ወደ ሱዋኪን ሲላኩም የሕንድ ግምጃ ቤት ከፍሏል። ጉዳዩን እንዲመረምር በ1895 የተቋቋመው የዌልቢ ኮሚሽን ሕንዳዊውን ዳዳባይ ናውሮጂን በአባልነት ቢይዝም፣ በ1900 ባቀረበው ሪፖርት የመከረው መጠነኛ ማቃለያ ነው።

መሠረታዊው ለውጥ የመጣው በ1939 ነው። በዚያ ዓመት ስምምነት ሕንድ የሰላም ጊዜ ወጪዋንና ለራሷ መከላከያ የሚውለውን ስትሸፍን፣ ከድንበሯ ውጭ የሚዋጋው ጦር ወጪ በአብዛኛው የብሪታንያ ሆነ። በ1941 ኤርትራ ውስጥ ከረን ላይ ጣሊያንን የወጉት የሕንድ ክፍለ ጦሮች የዘመቱት በዚህ ደንብ ነው። ለንደን ወጪውን በዱቤ ስለያዘችው፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ብሪታንያ ለሕንድ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ባለዕዳ ነበረች።