«የእኔ» ማለት የማያውቅ ፈረስ

ፈረስ ትናንትን አያስብም፣ ነገን አይሰጋም፣ የሚኖረው በያዘው ሰዓት ብቻ ነው የሚለው ውዳሴ ስለ እንስሳት በሚጻፉ ድርሰቶች ውስጥ ይዘወተራል። ሌቭ ቶልስቶይ በ«ሆልስቶሜር» ይህን ቀላል ውዳሴ አልተቀበለውም። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1863 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ትቶት ከቆየ በኋላ እንደገና አንሥቶ በ1886 ለኅትመት ባበቃው በዚህ ታሪክ ውስጥ ባለታሪኩ ያረጀና የተኮላሸ ዝንጉርጉር ፈረስ ነው፤ አምስት ሌሊት ሙሉ ያለፈ ሕይወቱን ለመንጋው ይተርካል። እንግዲህ ሆልስቶሜር ትዝታ የሌለው ፍጡር አይደለም፤ እንዲያውም በታሪኩ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ አብልጦ ያስታውሳል። ታዲያ ከሰዎቹ የሚለየው ምኑ ነው?

መልሱ ያለው «የእኔ» በምትለው ቃል ዘንድ ነው። ፈረሱ «የእኔ ነው» የሚለው ሰው ሳይጋልበውና ሳይመግበው እንደሚውል፣ የሚያበላውና የሚያሻሸው ደግሞ ሌላ መሆኑን ያያል፤ ሰዎች ከሥራ ይልቅ በቃል እንደሚኖሩም ይገነዘባል። ቪክቶር ሽክሎቭስኪ በ1917 ባወጣው የታወቀ መጣጥፉ የተለመደውን ነገር እንግዳ አድርጎ የማሳየትን ስልት ለማስረዳት የጠቀሰው ይህንኑ ክፍል ነው። ስልቱን በትክክል ለይቶታል፤ ይሁን እንጂ ፈረሱን እንደ መነጽር ብቻ መመልከት አያጠግብም። መነጽር አይራብም፤ ጀርባውም አይቆስልም። (በኢትዮጵያ የጦር ሰዎች ልማድ ስም አዋሹ ፈረሱ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። «የእኔ ፈረስ» የሚለው አነጋገር በዚህ ልማድ ውስጥ ጥቂት ተገልብጦ ይገኛል።)

የድርሰቱ ብርቱ ክፍል የቀድሞው ጌታ የሰርፑሆቭስኮይ መመለስ ነው። ይህ የፈረሰኛ ጦር መኮንን በወጣትነቱ መልከ መልካም፣ ባለጸጋና ማንንም የማይወድ ሰው ነበር፤ ፈረሱ ግን በዚያው ወዶታል። የከዳችውን ሴት ለማሳደድ 25 ቨርስት ያለ ዕረፍት ያስጋለበውና ያበላሸውም እርሱ ነው። አሁን አርጅቶ፣ ገንዘቡን ጨርሶ፣ ሰውነቱ አባብጦ በሌላ ባለጸጋ ቤት እንግዳ ሆኗል። ሆልስቶሜር ያውቀዋል፤ በደከመ ድምፅም ያሽካካለታል። ሰውዬው እንዲህ ያለ ዝንጉርጉር ፈረስ እንደነበረው ያወራል እንጂ ፊቱ የቆመው ያው ፈረስ መሆኑን አያውቅም። ማታም አስተናጋጁን በድሮ ክብሩ ወሬ ያሰለቸዋል፤ አስተናጋጁ በበኩሉ ስላለው ንብረት ለመናገር ተራውን ይጠብቃል። ቶልስቶይ በዚህ ማዕድ ላይ አንድም የስብከት ቃል አልጨመረም። ሁለቱም ፈረሱን የማያዩት ትዝታ ስላላቸው አይደለም፤ ሁለቱም የሚቆጥሩት ንብረት ስላላቸው ነው፣ አንዱ ያለፈውን፣ ሌላው የያዘውን።

ይህን ልዩነት በመድረክ ማሳየት ቀላል አይደለም። ጆርጂ ቶቭስቶኖጎቭ በ1975 በሌኒንግራድ ባዘጋጀው «የፈረስ ታሪክ» ውስጥ ዋናውን ገፀ ባሕርይ የተጫወተው የቭጌኒ ሌቤዴቭ ነበር። ፈረሱ የታየው በተዋናዩ አንገት፣ ትንፋሽና ድምፅ ነው። ተመልካቹ የሚሠቃየውን እንስሳና የሚያስበውን ሰው በአንድ አካል ላይ ማየቱ ለድርሰቱ ታማኝ የሆነ አተረጓጎም ነው።

የሞቱ ትዕይንት ደግሞ እጅግ የተቆጠበ ነው። እከክ የያዘው ፈረስ ሲታረድ ሊያክሙት እንደሆነ ይገምታል፤ በጉሮሮው ላይ አንድ ነገር ይሰማዋል፤ የሞቀ ፈሳሽ በደረቱ ይወርዳል፤ የሕይወቱም ሸክም ይቀልለታል። ቶልስቶይ ፈረሱን ከሚሰማው ነገር አንዲት እርምጃ እንኳ አያሳልፈውም፤ «ሞት» የሚለውን ቃል በአፉ አያኖርበትም። ከዚያ በኋላ እናት ተኩላ ሥጋውን ለግልገሎቿ ትመግባለች። ነገር ግን ደራሲው በዚህ አላበቃም፤ የመኮንኑን አስከሬን ከነጥሩ ልብሱና ከነጫማው አምጥቶ ለማንም የማይረባ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ይህ ፍርድ እውነት ቢሆንም፣ ያንን ማዕድ ላስተዋለ አንባቢ ቀድሞ የተነገረ ነው፤ ተኩላዋ ትበቃ ነበር።