ሱፍ በክብደቱ ይታወቃል

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደጋን ሱፍ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ንጣቱን ነው። አምርቼ የምሸጥ ነኝና ንጣት ዋጋ እንደሚያነሳ አውቃለሁ፤ ዳኛው ግን ክብደቱ ነው። (የምናገረው ስለ ሱፍ አበባው ሳይሆን ስለ እሾሃሙ ያገራችን ሱፍ ነው።) ከፍሬው ክብደት ቢያንስ ሲሶው፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላዩ ቅርፊት ነው። ዘይቱ ያለው ከውስጡ ነው፤ ውስጡ ያልሞላው ግልብ ፍሬ ቀላል ነው።

ግልብነት ከማሳ ይጀምራል። ሱፍ ሥሩን ከ2 ሜትር በላይ ስለሚሰድ ዝናብ ከቆመም በኋላ ከዋልካው የቀረውን እርጥበት እየሳበ ይቆማል። የተኛ ውሃ ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። በአበባው ወቅት ካፊያና ጭጋግ ከሰነበተ ደግሞ የአበባው ራስ ይጠቁርና ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል።

የሚታጨደው ጤዛ እሾሁን ሲያለዝበው በማለዳ ነው። እንደ ሰሊጥ ስለማይረግፍ አያስቸኩልም። ተወቅቶ በነፋስ ሲመነሽ ገለባው ይሄዳል፤ ግልቡ ግን ሙሉውን መስሎ ይቀራል። ስለዚህ ከሁለት ሻጮች አንዳንድ ጣሳ አስሰፍራችሁ በሚዛን አስተያዩ፤ የከበደው ይበልጣል። ጥቂቱን በጥርስ ስበሩ፤ ውስጡ ወፍራምና ነጭ ይሁን። ጉሮሮ ከከረከረ ከርሟል ማለት ነው።

እኛ ቤት ከገብስ ጋር ቆሎ ይሆናል። ለጾም ፍትፍት የሚሠሩት አጥበው፣ ትንሽ አፍልተው፣ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው ያጠሉታል፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ይገባበታል። ሙሉው ሱፍ እንደ ወተት ይነጣል፤ ከግልቡ የሚወጣው አሠር ብቻ ነው። የተለመደው የሱፍ ዘይት ከ70 በመቶ በላዩ ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል፤ የዕለቱን ብቻ መውቀጥ ነው።

በ1919 ዓ.ም. አገራችንን የዞረው ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ከሱፍ መገኛዎች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። ሌላው ዓለም ቅርፊተ ስሱን ዘር እየመረጠ የዘይቱን መጠን ከ40 በመቶ በላይ አድርሶታል። እኛ ግን ምርጡን ለገበያ አውጥተን ከተራረፈው እንዘራለን፤ ይህ ጥፋት ነው። ዘንድሮ ለዘር ስታስቀሩ ጣሳውን ከሚያከብደው ጀምሩ።