ስሙ የጠፋው ካሪኛን

የወይን ዝርዝሩን ለእንግዳ ስዘረጋ ጣቱ የት እንደሚያርፍ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ወይ ቦርዶ፣ ወይ ቡርጎኝ። ኮርቢየር ጋ ሲደርስ ዋጋውን አይቶ ያልፈዋል፤ ርካሽ ነዋ፣ ምን ሊረባ! በሥራዬ የምሟገትለት ቀይ ወይን ግን ይኸው የደቡብ ፈረንሳዩ ኮርቢየር ነው፤ ይልቁንም ካሪኛን ከሚባለው የወይን ዘር የሚጠመቀው።

ሐሜቱ ከመሬት አልተነሣም። ካሪኛን ለም ሜዳ ላይ ተክለው ከለቀቁት ከአንድ ሄክታር እስከ 200 ሄክቶ ሊትር ይሰጣል። ኮርቢየር የሚገኝበት የላንግዶክ ገበሬ የሚከፈለው በብዛት ስለነበር ብዛቱን አመረተ፤ የሚቀዳውም ቀጭን፣ ጎምዛዛ፣ ምላስ የሚያደርቅ ሆነ። ማን ይፈርድበታል? ገበያው በመናኛ ወይን ሲጥለቀለቅ የአውሮፓ ማኅበረሰብ ተክሉን ለሚነቅል ገንዘብ ይከፍል ጀመር። ከሜዳው ጋር የኮረብታው አሮጌ ግንድም አብሮ ተነቀለ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ካሪኛን ሲያረጅ ሌላ ነዋ። ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ሃምሳ፣ ስድሳ ዓመት የቆመ ግንድ የሚያፈራው ጥቂት ዘለላ ነው፤ ጭማቂው ግን ጠንከር ይላል። ዘግይቶ ስለሚበስል በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ ኮምጣጣነቱን አይለቅም፤ በጋው እየከረረ በመጣበት በዚህ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ሻካራነቱን ለማለዘብ ብዙ ጠማቂዎች ዘለላውን ሳይጨፈልቁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሞላበት ዝግ ጋን ውስጥ ይከቱታል። መብላላቱ እዚያው ፍሬው ውስጥ ይጀምራል፤ ቀለሙና መዓዛው ይወጣል፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን ግን በአመዛኙ ልጣጩ ላይ ይቀራል።

ስቀዳው 16 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን ቀደም ብዬ ማቀዝቀዣ አስገባዋለሁ፤ ሲሞቅ የሚሸተው አልኮሉ ብቻ ነው። ከበግ ጥብስ ጋር፣ ወይም ነጭ ቦሎቄና ሥጋ አብሮ ከሚበስልበት የአገሩ ካሱሌ ጋር ይስማማል። (በርበሬ ከበዛበት ቀይ ወጥ ጋር አላቀርበውም፤ ታኒኑና አልኮሉ ቃጠሎውን ያብሱታል።)

ሌላው የደቡብ ፈረንሳይ ቀይ ወይን ባንዶልም ግሩም ነው፤ ቢያንስ 18 ወር በእንጨት በርሜል ይከርማል። ግን ዋጋው ከወጣ ቆይቷል፣ ጠበቃ አያሻውም።

ለመግዛት ላሰበ፦ መለያው ላይ «ቪዬይ ቪኝ»፣ አሮጌ ተክል፣ ተብሎ ቢጻፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የፈረንሳይ ሕግ ዕድሜውን አልወሰነውም። እኔ ሻጩን ተክሉ መቼ እንደተተከለ እጠይቀዋለሁ። መልስ ካጣሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የራሱን ስያሜ ያገኘውንና ካሪኛንን ከዋና ዘሮቹ የሚቆጥረውን ኮርቢየር ቡትናክን አነሣለሁ።